ትንሽ የአካባቢ ጋዜጣ እንዴት ይጀመራል? እንዴትስ ይዘልቃል?

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ለመሠረታዊ ማኅበራት ተወካዮች፣ ለአባላትና ለወረዳ ኃላፊዎች የቀረበ ንግግር)







የምሥረታ በዓል በመጣ ቁጥር ሀብት ይቆጠራል። መጋዘኑ፣ የጭነት መኪናው፣ ሚዛኑ፣ የተሰራጨው ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በሪፖርት ይቀርባል። ይህ ተገቢ ነው። ሆኖም በሪፖርት ውስጥ ሳይቆጠር የሚቀር አንድ ሀብት አለ። እርሱም አባሉ ስለ ማኅበሩ የሚያውቀው ነገር ነው። የዛሬው ንግግር ይህንን ሀብት ስለሚይዝ አንድ ዕቃ ይሆናል። ዕቃው ትንሽ የአካባቢ ጋዜጣ ነው።

ጉዳዩን በምሳሌ መጀመር ይሻላል። አንድ አርሶ አደር በጥር ወር አሥር ኩንታል በቆሎ ለመሠረታዊ ማኅበሩ አስረከበ እንበል። የዕለቱን ዋጋ ተቀብሎ ወደ ቤቱ ሄደ። ግንቦት ላይ ገበያ ሲወጣ የበቆሎ ዋጋ ከፍ ብሎ አገኘው። አጠገቡ የነበረ ሰው "ዩኒየኑ ያንተን በቆሎ በዚህ ዋጋ ሸጦ ትርፉን እነ እገሌ ተካፈሉት" አለው። አርሶ አደሩ ይህ እውነት ይሁን ሐሰት የሚያረጋግጥበት መንገድ የለውም። ለመጠየቅም ይሉኝታ ያዘው። በመካከሉ የጆንያ፣ የማጓጓዣና የመጋዘን ወጪ እንደነበረ፣ እህሉ ሲደርቅ ክብደቱ እንደቀነሰ፣ ለግዢ የተወሰደው የባንክ ብድር ወለድ እንዳለበት፣ ከዓመቱ ሒሳብ መዝጊያ በኋላም በተሳትፎው መጠን የትርፍ ድርሻ ሊደርሰው እንደሚችል የነገረው ሰው አልነበረም። በተከታዩ ዓመት ምርቱን ለነጋዴ ሰጠ። እንደ እርሱ ያሉ ሰዎች ሲበዙ ዩኒየኑ ለገዢ ቃል የገባውን መጠን ማሟላት አቃተው።

ምናልባት በዚህ ታሪክ ውስጥ የሰረቀ ሰው አልነበረም። ምናልባት ደግሞ ነበረ። ችግሩ አርሶ አደሩ ሁለቱን ለይቶ የሚያውቅበት መንገድ ማጣቱ ነው። እውነተኛ መረጃ ያልሞላውን ቦታ አሉባልታ ይሞላዋል፤ የአሉባልታን ዋጋ ደግሞ የሚከፍለው ራሱ ማኅበሩ ነው።

መረጃ የኅብረት ሥራ መርህ ስለመሆኑ

አንዳንድ ሰው ጋዜጣ የከተማ ሰው ጉዳይ ነው፣ ለገበሬ ማኅበር ቅንጦት ነው ሊል ይችላል። የኅብረት ሥራ ታሪክ ግን ይህንን አያሳይም። ዓለም አቀፉ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1995 በማንቸስተር ባደረገው ጉባዔ ካጸደቃቸው ሰባት መርሆዎች አምስተኛው ትምህርት፣ ሥልጠናና መረጃ የሚለው ነው። አባሉ፣ ተመራጩ፣ ሥራ አስኪያጁና ሠራተኛው በሙሉ መማርና ማወቅ አለባቸው ይላል።

ይህ መርህ ከዘመናዊ ኅብረት ሥራ ጅማሬ ጋር የተያያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ1844 በእንግሊዝ አገር ሮችዴል በተባለች የሽመና ከተማ ጥቂት ሠራተኞች ያቋቋሙት ማኅበር ዱቄት፣ ቅቤና ስኳር የሚሸጥ ትንሽ ሱቅ ነበረው። ቆየት ብሎ አባላቱ ጋዜጣ የሚያነቡበት ክፍልና ቤተ መጻሕፍት ጨመረ። ከትርፉም ውስጥ ከመቶ ሁለት ነጥብ አምስት እጁ ለትምህርት እንዲውል በደንቡ ወሰነ። እ.ኤ.አ. በ1871 ደግሞ የእንግሊዝ የኅብረት ሥራ ማኅበራት በማንቸስተር የራሳቸውን ጋዜጣ መሠረቱ። ያ ጋዜጣ መልኩን እየቀያየረ እስከ ዛሬ ይታተማል። ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ የቆየውም ባለቤቶቹ ማኅበራቱ ራሳቸው ስለነበሩ ነው።

ከትንሽ ስለ መነሳት

ጋዜጣ ሲባል ብዙዎች የሚያስቡት ትልቅ ማተሚያ ቤት፣ ብዙ ሠራተኛና ብዙ ገንዘብ ነው። በአገራችን የአማርኛ ጋዜጣ አነሳስ ግን ሌላ ነገር ያስተምራል። በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን አንድሬያስ ካቫዲያስ የተባለ ግሪካዊ በአዲስ አበባ ያዘጋጀው የነበረው ጋዜጣ መጀመሪያ በእጅ ይጻፍ ነበር። የቅጂዎቹም ቁጥር 24 ብቻ ነበር። "አእምሮ" የሚለውን ስም ያወጡለት ንጉሠ ነገሥቱ ናቸው። ማባዣ መሣሪያ ከተገኘ በኋላ ቁጥሩ ወደ 200 ከፍ አለ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው ነው።

ከአርሶ አደር ሕይወት ጋር ይበልጥ የሚቀርበው ምሳሌ በምዕራብ አፍሪካ፣ በማሊ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1972 "ኪባሩ" የተባለ ወርኃዊ ጋዜጣ በባምባራ ቋንቋ መታተም ጀመረ። የስሙ ትርጉም "ወሬ" ወይም "ዜና" ማለት ነው። ዩኔስኮ በጅማሬው ረድቶታል። በዚያን ጊዜ በማሊ መሠረተ ትምህርት በሰፊው ይሰጥ ነበር፤ ይሁን እንጂ ፊደል የቆጠረው ገበሬ ከክፍል ከወጣ በኋላ በቋንቋው የሚያነበው ነገር ባለመኖሩ የተማረውን ይረሳ ነበር። ኪባሩ ይህንን ክፍተት ለመሙላት ተነሳ። ጸሐፊዎቹ የከተማ ሰዎች ብቻ አልነበሩም፤ ከመንደር የሚመጡ ደብዳቤዎችም በገጾቹ ላይ ይወጡ ነበር።

በዚያው ዘመን በማሊ ጥጥ አምራች አካባቢ የሆነው ነገር እዚህ ላይ ቢነሳ ይጠቅማል። ገበሬዎቹ ጥጣቸው ሲመዘን እንደሚጭበረበሩ ያማርሩ ነበር። በኋላ የመንደር ማኅበራት ተቋቁመው ምዘናውንና መዝገቡን ራሳቸው ያዙ። ይህንን ማድረግ የቻሉት በመንደሩ ውስጥ ቁጥር የሚጽፍ፣ መዝገብ የሚይዝ፣ በቋንቋው የሚያነብ ሰው ስለተገኘ ነው። ለሥራውም ማኅበሩ ክፍያ ያገኝ ጀመር፤ ገንዘቡ ለመንደር ልማት ዋለ። ማንበብና ሚዛን የተያያዙ ነገሮች መሆናቸውን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ከሕንድ ገጠር የተገኘ ትምህርት

ትንሽ ጋዜጣ እንዴት እንደሚጀመርና እንዴት እንደሚዘልቅ በደንብ የሚያሳየው ግን የሕንዱ "ኸበር ላሀሪያ" ነው። ትርጉሙ "የዜና ማዕበል" እንደ ማለት ነው። የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2002 በኡታር ፕራዴሽ ክፍለ ሀገር፣ ቺትራኩት በተባለ ወረዳ ነው። አካባቢው ድርቅ የሚደጋገምበት፣ የውኃ ችግር ያለበት፣ የመሬት ባለቤትነት በጥቂቶች እጅ የተያዘበት ነው።

የጋዜጣው አዘጋጆች ሴቶች ናቸው። አብዛኞቹ "ዳሊት" ከሚባለው፣ ማኅበረሰቡ ለብዙ ዘመን ካገለለው ወገን የመጡ ናቸው። ብዙዎቹ ማንበብና መጻፍ የተማሩት ካደጉ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት በዚያው አካባቢ የሴቶች ትምህርት ፕሮግራም ነበረ፤ ከፕሮግራሙም "ማሂላ ዳኪያ" የተባለች ትንሽ የዜና ወረቀት ወጥታ ነበር። ወረቀቷ ስትቋረጥ ሴቶቹ የሚያነቡትና የሚጽፉበት ነገር እንደገና እንዲኖር ፈለጉ። ኒራንታር የተባለ ዴልሂ የሚገኝ የትምህርት ድርጅት አግዟቸው "ኸበር ላሀሪያ" ተወለደ።

ጋዜጣው የተጻፈው የአካባቢው ሰው ቤቱ ውስጥ በሚናገረው የቡንዴሊ ቋንቋ ነው። ስምንት ገጽ ነበረው፤ በየሁለት ሳምንቱ ይወጣል፤ ዋጋው ሁለት ሩፒ ነበር። ዜናውን የጻፉት ሴቶች ራሳቸው በአውቶቡስና በእግር እየዞሩ ይሸጡት ነበር። ማንበብ ለማይችለው ማንበብ የሚችለው ያነብለታል። የሚጻፈው ነገር በዴልሂ ስለሚደረግ ስብሰባ አልነበረም። የተበላሸ የውኃ ፓምፕ፣ መምህር የማይመጣበት ትምህርት ቤት፣ ለድሃ የተመደበ እህል የማይደርስበት የራሽን ሱቅ፣ በሴቶች ላይ የሚፈጸም ጥቃት፣ ሠርተው ያልተከፈላቸው የቀን ሠራተኞች፣ እነዚህ ነበሩ ዜናዎቹ።

ሥራው ቀላል አልነበረም። "እናንተ ማን ናችሁና ትጠይቃላችሁ?" የሚላቸው ባለሥልጣን ነበረ፤ የሚያስፈራራቸውም ሰው ነበረ። እነርሱ ግን ማስታወሻ ደብተራቸውን ይዘው ተመልሰው ሄዱ። እ.ኤ.አ. በ2004 በሕንድ ለሴት ጋዜጠኞች የሚሰጠውን የቻሜሊ ዴቪ ጄይን ሽልማት አገኙ። በ2006 በአጎራባች ባንዳ ወረዳ ሁለተኛ እትም ጀመሩ። በ2009 ዩኔስኮ የንጉሥ ሴጆንግን የመሠረተ ትምህርት ሽልማት ሰጣቸው። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት የወረቀቱን ኅትመት ትተው በእጅ ስልክ ቪዲዮ እየቀረጹ ወደ ኢንተርኔት ተሸጋገሩ። ስለ እነርሱ የተሠራው ዘጋቢ ፊልም በ2022 ለኦስካር ሽልማት ታጭቶ ነበር።

ከዚህ ታሪክ ሦስት ነገር መያዝ ይቻላል። አንደኛ፣ ጋዜጣው የዘለቀው አንባቢው በዓይኑ አይቶ ሊያረጋግጥ የሚችለውን ነገር ስለጻፈ ነው። "ፓምፑ ተበላሽቷል" ሲል አንባቢው ፓምፑን ያውቀዋል። ሁለተኛ፣ ዋጋው ትንሽ ቢሆንም በነጻ አልታደለም፤ ሁለት ሩፒ የከፈለ ሰው ያነበዋል፣ ሲሳሳትም ይቆጣል። ሦስተኛ፣ የሽያጩ ገንዘብ ብቻውን ወጪውን አልሸፈነም፤ የረጂዎች ድጋፍ ነበረበት። ይህንን መደበቅ አያስፈልግም። ለኅብረት ሥራ ዩኒየን ግን ከረጂ የተሻለ መሠረት አለ፤ እርሱም የአባላቱ ቁጥር ነው።

በጋዜጣው ላይ ምን ይውጣ?

ብዙ የድርጅት መጽሔቶችና ጋዜጦች ሦስተኛ እትማቸው ላይ ሳይደርሱ ይቀራሉ። የሚደርሱትም ቢሆኑ ብዙ ጊዜ ኃላፊው ሪባን ሲቆርጡ፣ ኃላፊው ንግግር ሲያደርጉ፣ ኃላፊው ሲጎበኙ የሚያሳዩ ፎቶግራፎች ይሞሏቸዋል። እንዲህ ያለውን ወረቀት አርሶ አደሩ ይቀበለዋል፤ አያነበውም። ምክንያቱም እርሱ የሚፈልገውን አንድ ቁጥር እንኳን አያገኝበትም።

የዩኒየን ጋዜጣ የመጀመሪያ ገጽ የቁጥር ገጽ ቢሆን ይመረጣል። በወሩ ውስጥ ዩኒየኑ እህሉን ወይም ቡናውን በስንት ገዛ? በስንት ሸጠ? በመካከሉ ለማጓጓዣ፣ ለጆንያ፣ ለመጋዘን፣ ለወለድ ስንት ወጣ? በአቅራቢያው ባሉ ሦስትና አራት ገበያዎች ዋጋው ስንት ዋለ? የማዳበሪያው ዋጋ ከነማጓጓዣው ስንት ደረሰ? መቼ ይመጣል? ይህ ገጽ በየወሩ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ዓይነት ሠንጠረዥ ቢወጣ አርሶ አደሩ ያለፈውን ወር ከዚህ ወር ያስተያያል። ነገሩ የጀመረበት የበቆሎ ምሳሌ ላይ የነበረው ሰው ከአሉባልታው ጋር የሚያመዛዝነው ነገር ያገኛል።

ሁለተኛው ገጽ የጥያቄና የመልስ ገጽ ይሁን። አባሉ ይጠይቃል፤ የሚመለከተው ኃላፊ በስሙ ይመልሳል። "የባለፈው ዓመት የትርፍ ክፍፍል ለምን ዘገየ?" "በእገሌ ማኅበር ሚዛኑ ከተመረመረ ስንት ጊዜው ነው?" የመሳሰሉት ጥያቄዎች ይወጡበታል። በይሉኝታ ምክንያት በስብሰባ ላይ የማይነሳ ጥያቄ በወረቀት ላይ ይነሳል። የጠያቂው ስም እንዳይወጣ ከተፈለገ አዘጋጁ ማንነቱን አውቆ ስሙን ሊይዝለት ይችላል። መልስ ያልተሰጠው ጥያቄም "መልስ አልተገኘም" ተብሎ እንደገና ይወጣል።

ቀሪዎቹ ሁለት ገጾች ለሥራና ለኑሮ ይሆናሉ። የአጎራባች ቀበሌ ሰው የምርት ብክነትን እንዴት እንደቀነሰ፣ የከብት በሽታ የታየበት ቦታ፣ የክትባት ቀን፣ የጠቅላላ ጉባዔ ጥሪ፣ የጠፋ በሬ፣ የሐዘንና የሠርግ ማስታወቂያ ይገባባቸዋል። የጠፋ በሬ ማስታወቂያ ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል። ሰው ጋዜጣን ከቤቱ የሚያስገባው ግን በእንዲህ ያለው ነገር ነው።

ማን ይጽፈዋል?

ለአራት ገጽ ወርኃዊ ጋዜጣ አንድ ቋሚ አዘጋጅ ይበቃል። ከእርሱ ጋር በየመሠረታዊ ማኅበሩ አንድ ዘጋቢ ያስፈልጋል። ዘጋቢው መምህር፣ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ፣ አሥረኛ ወይም አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰ የአባል ልጅ ሊሆን ይችላል። ሴቶች ከግማሽ ባያንሱ መልካም ነው፤ ወፍጮ ቤት፣ ምንጭ፣ ጤና ጣቢያ የሚባለውን የሚሰሙት እነርሱ ናቸውና። የዘጋቢነት ሥልጠና በሁለትና በሦስት ቀን ሊጀመር ይችላል። ማን? ምን? የት? መቼ? ለምን? እንዴት? የሚሉትን ስድስት ጥያቄዎች መልስ ሳይዙ ወደ አዘጋጁ አለመምጣት የመጀመሪያው ትምህርት ነው። ነገር ከሥሩ፣ ውኃ ከጥሩ እንደሚባለው፣ የሰሙትን ከራሱ ከባለ ጉዳዩ ማረጋገጥ ሁለተኛው ነው። የተወቀሰውን ሰው ሳይጠይቁ አለመጻፍ ሦስተኛው ነው።

ቋንቋውን በተመለከተ፣ አባሉ በቤቱ በሚናገረው ቋንቋ መጻፍ ግድ ነው። በአንድ ዩኒየን ውስጥ ሁለት ቋንቋ የሚነገር ከሆነ ገጾቹን ማካፈል ይቻላል። ፊደሉ ጎላ ይበል፤ ዓረፍተ ነገሩ ይጠር። የቢሮ ቃላት ሲበዙ አንባቢው ይርቃል። የማያነበውም ሰው እንዳይረሳ፣ በዕድር፣ በማኅበርና በቡና ላይ ጮክ ተብሎ እንዲነበብ ታስቦ ይጻፍ።

ወጪውንስ ማን ይሸፍናል?

እዚህ ላይ ስሌት ማየት ያስፈልጋል። ቁጥሮቹ ለማስረዳት ብቻ የተወሰዱ ናቸው፤ እያንዳንዱ ዩኒየን የራሱን ዋጋ ከማተሚያ ቤት ጠይቆ ይተካባቸዋል። 40 መሠረታዊ ማኅበራት እያንዳንዳቸው 25 ቅጂ ቢወስዱ በወር 1,000 ቅጂ ይሆናል። አንድ ቅጂ ለማሳተም 10 ብር ቢያስፈልግ የዓመቱ ኅትመት 120,000 ብር ይፈጃል። ለአዘጋጁ አበል፣ ለዘጋቢዎች ትራንስፖርትና ለስልክ ካርድ 60,000 ብር ቢጨመር ጠቅላላ ወጪው 180,000 ብር ይደርሳል።

አሁን ገቢውን እንመልከት። ከ1,000 ቅጂ 800 ያህሉ በ5 ብር ቢሸጥ በዓመት 48,000 ብር ይገኛል። በየእትሙ ሁለት ማስታወቂያ በ2,000 ብር ቢወጣ ሌላ 48,000 ብር ይሆናል። የሚጎድለው 84,000 ብር ነው። ዩኒየኑ በሥሩ 20,000 አባላት ቢኖሩት ጉድለቱ ለአንድ አባል በዓመት 4 ብር ከ20 ሳንቲም ይደርሳል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ማለት ይህ ነው። ይህንን ገንዘብ ጠቅላላ ጉባዔው ለትምህርትና ለሥልጠና ከሚፈቅደው በጀት መመደብ ይቻላል።

ከዚህ ስሌት የሚከተሉ ሁለት ጥንቃቄዎች አሉ። የመጀመሪያው፣ የአሥራ ሁለት እትም በጀት ሳይጸድቅና የሦስት እትም ጽሑፍ በእጅ ሳይያዝ የመጀመሪያውን እትም አለማውጣት ነው። በሞቅታ ወጥቶ በሦስተኛው ወር የሚቆም ጋዜጣ ካልተጀመረ ጋዜጣ የባሰ ነው፤ አባሉ "ይህም እንደ ሌላው ሆነ" ብሎ ተስፋ ይቆርጣል። ሁለተኛው፣ ወረቀት ከውጭ የሚመጣ ስለሆነ ዋጋው በድንገት ሊጨምር እንደሚችል አስቀድሞ ማሰብ ነው። ዋጋው ሲጨምር ገጹን መቀነስ እንጂ ቀኑን ማሳለፍ አያስፈልግም። በወሩ የመጀመሪያ የገበያ ቀን የሚወጣ ጋዜጣ ሁልጊዜ በዚያው ቀን ይውጣ። ሁለት ገጽ ሆኖ በቀኑ የወጣ፣ ስምንት ገጽ ሆኖ ከዘገየው ይበልጣል።

ማሰራጨቱ ለኅብረት ሥራ ከሌላው ይልቅ ይቀልላል። ግብዓት የሚያደርሰው፣ ምርት የሚሰበስበው መኪና ጋዜጣውንም ይይዛል። ሚዛን ላይ ተራ የሚጠብቅ አርሶ አደር ጊዜ አለው፤ የቁጥር ገጹን እዚያው ያነበዋል። አንድ ቅጂ በማኅበሩ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፤ አንድ ቅጂም ተጠርዞ ይቀመጥ።

አንዳንዶች በዚህ ዘመን ስልክ እያለ ወረቀት ለምን ያስፈልጋል ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። የሕንዶቹ ሴቶችም ወደ ስልክ ሄደዋል። የዕለት ዋጋ በቴሌግራም ወይም በአጭር መልእክት ቢላክ ይፈጥናል። ነገር ግን ስልክ የሌለው አባል ገና ብዙ ነው፤ በስልክ የተላከ ነገርም ይጠፋል፣ ይቀየራል። ያለፈው ዓመት የጥር ዋጋ ስንት ነበር ተብሎ ክርክር ሲነሳ የተጠረዘው ወረቀት ይወጣል። ሁለቱ ቢደጋገፉ መልካም ነው።

ጋዜጣው የማን ነው?

ከገንዘቡ የሚከብደው ጥያቄ ይህ ነው። ጋዜጣውን የሥራ አመራሩ እያነበበ፣ ደስ ያላለውን እየሰረዘ የሚያወጣው ከሆነ፣ አባሉ በሁለተኛው ወር ያውቀዋል። ከዚያ በኋላ እውነት ቢጻፍበትም አይታመንም። የቁጥር ገጹም ቢሆን ዋጋ ያጣል፤ "የሚወዱትን ቁጥር ብቻ ነው የሚጽፉት" ይባላል።

ስለዚህ ከመጀመሪያው እትም በፊት በጠቅላላ ጉባዔ የሚጸድቅ አንድ ገጽ ደንብ ያስፈልጋል። የአዘጋጅ ኮሚቴው በጉባዔው ይመረጥ፤ ተጠሪነቱም ለጉባዔው ይሁን። ሥራ አስኪያጁ ቁጥሮችን እንዲያረጋግጥ ይጠየቅ፤ ጽሑፍ እንዲሰርዝ ግን አይፈቀድለት። የቁጥጥር ኮሚቴው ሪፖርት በዓመት አንድ ጊዜ በአጭሩ ይውጣ። ስህተት ሲገኝ ስህተቱ በወጣበት ገጽ ላይ፣ በጎላ ፊደል ይታረም። የተወቀሰ ሰው መልስ የመስጠት መብቱ ይጠበቅለት። የሰውን ዘር፣ ሃይማኖት፣ የቤተሰብ ገመና የሚነካ ጽሑፍ አይግባ። ጋዜጣውም የማንም የምርጫ ቅስቀሳ መድረክ አይሁን፤ የማኅበሩ የአመራር ምርጫ ሲቃረብ ለሁሉም ዕጩ እኩል ቦታ ይሰጥ።

የሕጉ ጉዳይም እንዳይዘነጋ። አገሪቱ የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 አላት። ጋዜጣው መመዝገብ ያለበት መሆኑን፣ ምን ማሟላት እንደሚያስፈልገውም ከኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን አስቀድሞ መጠየቅ በኋላ ከሚመጣ ጣጣ ያድናል።

ለወረዳ ኃላፊዎች

ጋዜጣ ሲመጣ ኃላፊ መስጋቱ ያለ ነው። በወረቀት የወጣ ጥያቄ በስብሰባ ላይ ከተነሳ ጥያቄ ይከብዳል፤ አይረሳምና። ነገር ግን ጥያቄው በጋዜጣ ባይወጣ አይጠፋም። በገበያ፣ በጠላ ቤት፣ በቀብር ላይ ይነሳል፤ እዚያ ሲነሳ ደግሞ ኃላፊው መልስ የሚሰጥበት ዕድል የለውም። ማዳበሪያው የዘገየው መንገድ ተቆርጦ ከሆነ ይህ ተጽፎ ቢወጣ የሚጠቀመው ኃላፊው ነው። የዘገየው በሰነፍ ሠራተኛ ከሆነም ኃላፊው ይህንን ቀድሞ ማወቁ ይጠቅመዋል።

ከኃላፊዎች የሚጠበቀው ጥቂት ነው። የክትባት፣ የግብርና ሥልጠናና የጨረታ ማስታወቂያቸውን ለጋዜጣው ይስጡ፤ ዋጋውንም እንደ ማንኛውም ደንበኛ ይክፈሉ። ለጥያቄ በአሥር ቀን ውስጥ መልስ ይስጡ። ዘጋቢ ሆኖ የጠየቀ ወጣት በጥያቄው ምክንያት እንዳይጉላላ ይጠብቁት። አንድ ዘጋቢ ተጠርቶ ሲገሠጽ ሌሎቹ ሠላሳ ዘጠኝ ዘጋቢዎች እርሳሳቸውን ያስቀምጣሉ፤ ጋዜጣው በዚያን ቀን ይሞታል፣ ኅትመቱ ቢቀጥልም።

ማጠቃለያ

የተከበራችሁ የጉባዔው ተሳታፊዎች፣

ጋዜጣ ለመጀመር ብር፣ ወረቀትና ጥቂት ትጉ ሰዎች ይበቃሉ። ለማዝለቅ ግን አባሉ ያነበበውን ማመን አለበት። አመኔታ የሚገኘው ደግሞ ጋዜጣው አመራሩን የማያስደስት ትክክለኛ ቁጥር ባወጣበት ወር ነው። የዋጋ ኪሳራ በደረሰበት ዓመት "ከስረናል፤ ምክንያቱ ይህ ነው፤ የጎደለውም ይህን ያህል ነው" ብሎ የጻፈ ዩኒየን፣ ባተረፈበት ዓመት "አትርፈናል" ሲል ይታመናል። አባሉም ምርቱን በሌሊት ለነጋዴ ከመስጠት ይልቅ ቀን በቀን ወደ ማኅበሩ ሚዛን ያመጣል።

ስለዚህ ለሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባዔ ሦስት ነገሮች ለውሳኔ ቢቀርቡ መልካም ይሆናል። እነርሱም የአንድ ዓመት በጀት፣ በጉባዔው የሚመረጥ አዘጋጅ ኮሚቴ፣ እንዲሁም አንድ ገጽ ደንብ ናቸው። የመጀመሪያው እትም አራት ገጽ ቢሆን አይነስብን ተብሎ አይታዘን። አእምሮ በ24 ቅጂ ተጀምሯል።